ከሜዳ እስከ ሰሌዳ፦ የዶክተር ፍራንክ ራያን ሁለት ሕይወት

ልጅ ኳስ ሲወድ ወላጅ ይሠጋል። ሜዳ ላይ የዋለ ልጅ ደብተሩን ይረሳል፤ ደብተሩን የያዘ ልጅ ደግሞ ሜዳ ላይ አይደምቅም የሚለው እምነት በገጠርም በከተማም የተለመደ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙ ወጣቶች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ይገደዳሉ። ኳሱን ብቻ የመረጠው ጉልበቱ ሲደክም ወይም አንድ ቀን ሲጎዳ ባዶ እጁን ይቀራል። ትምህርቱን ብቻ የመረጠው ደግሞ የተሰጠውን ተሰጥኦ ሳይሞክረው ያልፋል።

አሜሪካዊው ፍራንክ ራያን ይህን ምርጫ ሳይቀበሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ለ13 የውድድር ዘመናት በከፍተኛው የሙያ ሊግ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫውተዋል፤ ቡድናቸውንም ለሻምፒዮንነት አብቅተዋል። ዋንጫውን ባነሡ በቀጣዩ ዓመት በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለዋል። ከሜዳ ከወጡ በኋላም የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ድምፅ የሚሰጡበትን መንገድ በለወጠ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የሕይወታቸው ማብቂያ ደግሞ ይህ ስፖርት ሊያስከፍለው የሚችለውን ከባድ ዋጋ ያስታውሳል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ገጽታዎች ይመለከታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ኳርተርባክ ማን ነው?

የአሜሪካን ፉትቦል እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ በእጅጉ ይለያል። ኳሱ የእንቁላል ዓይነት ቅርጽ አለው፤ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰውም በእጅ ተይዞ ወይም ተወርውሮ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ ወይም 91 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ኳሱን የያዘው ቡድን ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራዎች ይሰጡታል። ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱን ለተጋጣሚው ይለቅቃል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የግብ መስመር ማለፍ ተችዳውን ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። ከዚያ በኋላ በሚደረግ ምት አንድ ተጨማሪ ነጥብ ማግኘት ይቻላል። ኳሱን በእግር መትቶ በግቡ ቋሚዎች መካከል ማሳለፍ ደግሞ ሦስት ነጥብ አለው።

የማጥቃቱ መሪ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው። ሙከራው ሲጀመር ኳሱ በእርሱ እጅ ይገባል። እርሱም ለሚሮጥ የቡድን ጓደኛው ያቀብላል፣ ርቆ ለሄደው ይወረውራል ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። ይህን ለመወሰን ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ ተከላካዮች ሊጥሉት ይንደረደራሉ። ራያን በተጫወቱበት ዘመን ደግሞ በብዙ ቡድኖች ቀጣዩን የጨዋታ ስልት የሚመርጠው ኳርተርባኩ ራሱ ነበር። በመኾኑም ቦታው ጠንካራ ክንድ ብቻ ሳይኾን የተጋጣሚን አሰላለፍ በአንድ እይታ የሚያነብ፣ በጭንቀት ውስጥ የማይናወጥ አዕምሮ ይጠይቃል።

የተጠባባቂነት ዓመታት

ፍራንክ ራያን ሐምሌ 5 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ጁላይ 12 ቀን 1936፣ በቴክሳስ ግዛት በፎርት ዎርዝ ከተማ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት የመረጡት በሂውስተን የሚገኘውን ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሲኾን የትምህርት ዘርፋቸው ፊዚክስ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ የኳርተርባክነቱን ቦታ ኪንግ ሂል ከተባለ ሌላ ተጫዋች ጋር ይፈራረቁ ነበር። በ1958 የሙያ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ሂል ከሁሉም ቀድሞ ተመረጠ። ራያን ግን እስከ አምስተኛው ዙር ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። የመረጣቸው የሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድን ነበር።

በሎስ አንጀለስ ያሳለፏቸው አራት የውድድር ዘመናት በአብዛኛው በተጠባባቂነት የተፈጸሙ ናቸው። አንድ ተጫዋች እንዲህ ባለ ጊዜ ተስፋ ቢቆርጥ አይገርምም። ራያን ግን ዓመቱን ለሁለት ከፈሉት። ውድድሩ የሚካሄደው በዋናነት ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ነበር። የተጫዋቾች ደሞዝ እንደ ዛሬው የተትረፈረፈ ስላልነበረ ብዙዎቹ ውድድር በሌለበት ወቅት ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። ራያን ደግሞ ያን ጊዜ ለትምህርት አዋሉት። ወደ ራይስ ዩኒቨርሲቲ እየተመለሱ የድኅረ ምረቃ ትምህርታቸውን በሒሳብ ቀጠሉ። አማካሪያቸውም በዘርፉ ታዋቂ የነበሩት ፕሮፌሰር ጄራልድ ማክሌን ነበሩ።

ከመጀመሪያ ዲግሪያቸው እስከ ዶክትሬታቸው ሰባት ዓመታት አልፈዋል። ጊዜው ረዘመ ቢባልም ሥራው አልተቋረጠም። በዚሁ ዘመን ትዳር መሥርተው ልጆችም አፍርተዋል። ባለቤታቸው ጆን ራያን የራይስ ምሩቅ ነበሩ፤ ሴቶች በስፖርት ጋዜጠኝነት እምብዛም በማይታዩበት በዚያ ዘመን በታወቁ ጋዜጦች ላይ የስፖርት ዓምደኛ ለመኾን በቅተዋል።

የ1964 ድል

በ1962 ራያን ወደ ክሊቭላንድ ብራውንስ ቡድን ተዛወሩ። እዚያም መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበሩ። በውድድሩ አጋማሽ ግን የቡድኑ ቀዳሚ ኳርተርባክ ተጎዳና ቦታው ለእርሳቸው ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት የቡድኑን አሠልጣኝነት የያዙት ብላንተን ኮሊየር ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩ፣ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በዝርዝር የሚያጠኑ ሰው ነበሩ። ቡድኑ ከታላላቅ የኳስ ሯጮች አንዱ የኾነውን ጂም ብራውንን ይዞ ነበር። ተጋጣሚዎች ብራውንን ለማስቆም ሲረባረቡ የራያን ውርወራ ክፍተቱን ይጠቀምበት ጀመር።

የፍጻሜው ጨዋታ ዲሴምበር 27 ቀን 1964፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 18 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በክሊቭላንድ ተካሄደ። ስታዲየሙ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ የነበረ ሲኾን በዚያ የክረምት ቀን ብርዱና ነፋሱ የበረታ ነበር። 79 ሺህ 544 ተመልካቾች ታድመዋል። ተጋጣሚው ባልቲሞር ኮልትስ በዝነኛው ኳርተርባክ በጆኒ ዩናይታስ የሚመራ፣ በአሠልጣኝ ዶን ሹላ የሚሠለጥን ቡድን ነበር። በውድድሩ ዘመን ከ14 ጨዋታዎች 12ቱን ስላሸነፈ አብዛኛው ሰው ዋንጫውን ለእርሱ ሰጥቶ ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ምንም ነጥብ ተጠናቀቀ። ከዕረፍት መልስ ክሊቭላንድ በእግር ምት ሦስት ነጥብ አገኘ። ከዚያ በኋላ የራያን ክንድ ተናገረ። በ18፣ በ42 እና በ51 ያርድ የተመዘገቡ ሦስት የተችዳውን ውርወራዎችን አከታተሉ፤ ሦስቱንም የተቀበለው ጋሪ ኮሊንስ ነበር። ጨዋታው 27 ለ 0 ተጠናቀቀ። በተጠባባቂ ወንበር ላይ ለዓመታት የተቀመጡት ተጫዋች ሻምፒዮን ኾኑ። ክሊቭላንድ ብራውንስ ከዚያ ወዲህ የሊጉን ሻምፒዮንነት አላገኘም፤ የ1964ቱ ድል እስከ ዛሬ በከተማዋ የሚወሳውም በዚህ ምክንያት ነው።

በክብ አውድማ ላይ ያለ ጥያቄ

ራያን ዋንጫውን ካነሡ በኋላ ወደ መመረቂያ ጽሑፋቸው ተመለሱ፤ በ1965 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ጽሑፉ ከረቂቅ የሒሳብ ዘርፎች አንዱ የኾነውን የውስብስብ ቁጥሮች ትንተና የሚመለከት ነው። ከኳስ ጋር የሚያገናኘው አንዳችም ነገር የለም። ይኹን እንጂ የጥያቄው መነሻ በቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል።

አንድ ክብ አውድማ እናስብ። በአውድማው ላይ ባለችው በእያንዳንዷ ነጥብ አንድ ቁጥር ተጽፏል እንበል። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲኬድ በጥብቅ ሕግ ቀስ በቀስ ይለዋወጣሉ። አንድ ሰው ከአውድማው መሐል ተነሥቶ ቀጥ ባለ ወይም በተጠማዘዘ መንገድ ወደ ጠርዙ ቢጓዝ፣ በመንገዱ የሚያያቸው ቁጥሮች አንዳንድ ጊዜ ወደ አንድ የተወሰነ ቁጥር እየተጠጉ ይሄዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማረፊያ ሳያገኙ እንደተናወጡ ይቀራሉ። ወደ ጠርዙ በሚያደርሱት መንገዶች ሁሉ የሚገኙት ማረፊያ ቁጥሮች አንድ ላይ ቢሰበሰቡ ምን ዓይነት ስብስብ ሊኾኑ ይችላሉ? ምን ዓይነትስ ሊኾኑ አይችሉም? የራያን ጽሑፍ ይህን ስብስብ ለይቶ የሚያሳውቅ መለያ ያስቀመጠ ሲኾን በ1966 በታወቀ የሒሳብ መጽሔት ላይ ታትሟል።

የሒሳብ ዕውቀታቸው ኳሱን የት እንደሚወረውሩ ያሰላላቸው ነበር ብሎ ማሰብ ያጓጓል። ነገር ግን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ቀመር የሚጽፍ ተጫዋች የለም። ሜዳውንና ሰሌዳውን ያገናኘው ስሌቱ ሳይኾን ልማዱ ነው ማለት ይቀላል። ሁለቱም ሥራዎች ውጤታቸው የሚታይበት ቀን ከመድረሱ በፊት ማንም የማያየው ረጅም ዝግጅት ይፈልጋሉ።

ዲግሪውን ከያዙ በኋላም ሁለቱን ሥራዎች አልለያዩም። ለክሊቭላንድ እየተጫወቱ በዚያው ከተማ በሚገኘው በኬዝ የቴክኖሎጂ ተቋም ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። በ1966 በውድድር ዘመኑ 29 የተችዳውን ውርወራዎችን በማስመዝገብ ሊጉን መርተዋል። ከ1964 እስከ 1966 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተመርጠዋል። በኋላ ጉዳትና ዕድሜ ተደራርበው ቦታቸውን ለሌላ ለቀቁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት የውድድር ዘመናት በዋሽንግተን ቡድን በተጠባባቂነት ካሳለፉ በኋላ መጫወት አቆሙ። በአጠቃላይ 149 የተችዳውን ውርወራዎችን አስመዝግበዋል፤ የተሳኩ ውርወራዎቻቸው ያስገኙት ርቀትም 16 ሺህ 42 ያርድ ወይም 14 ነጥብ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ኤዲሰን ያልተሳካለት

ብዙ ተጫዋቾች ጫማ ሲሰቅሉ ሕይወት እንደ አዲስ ትከብዳቸዋለች። ራያን ግን የሚጠብቃቸው ሥራ ነበር። በ1971 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የመረጃ ሥርዓት ኃላፊ ኾነው ተሾሙ። ኮምፒዩተር እንደ ትልቅ ቁም ሣጥን ክፍል በሚሞላበት በዚያ ዘመን የምክር ቤቱ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በወረቀትና በድምፅ ነበር። 435ቱ አባላት በስም ሲጠሩ የአንድ ጉዳይ ድምፅ አሰጣጥ እስከ 45 ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

ይህን ለመለወጥ የተደረገው ሙከራ ረጅም ታሪክ አለው። ታዋቂው የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን በ1869 የመጀመሪያ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በኤሌክትሪክ ድምፅ ለሚመዘግብ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ይሠራል፤ የሕዝብ እንደራሴዎች ግን አልፈለጉትም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 1973፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 15 ቀን 1965 ዓ.ም፣ ምክር ቤቱ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠ። እያንዳንዱ አባል የራሱን ካርድ በአዳራሹ በተተከለ መሣሪያ ውስጥ አስገብቶ የድጋፍ፣ የተቃውሞ ወይም የተገኝቻለሁ ቁልፍ ይጫናል። ምርጫውም በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ከስሙ ጎን በመብራት ይታያል። የድምፅ መስጫው ጊዜ ወደ 15 ደቂቃ ወረደ። ሥራው የብዙ ባለሙያዎች ቢኾንም በኃላፊነት የመሩት የቀድሞው ኳርተርባክ ነበሩ።

የአሠራሩ ትርጉም ጊዜ ከመቆጠብ ያልፋል። መራጩ ሕዝብ እንደራሴው በየጉዳዩ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሰጠ በቀላሉ ለማወቅ መንገድ ከፍቷል።

ከ1977 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል የታወቀው የዬል ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር ነበሩ፤ በዚያም ሒሳብ አስተምረዋል። በ1990ዎቹ ወደ ተማሩበት ራይስ ተመልሰው ምክትል ፕሬዚዳንት እና የሒሳብ ፕሮፌሰር ኾነዋል። በጡረታ ዘመናቸው በቬርሞንት ግዛት ኖረው ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ያጠኑ ነበር። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው እንደ 2፣ 3፣ 5 እና 7 ያለ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ነው። ራያን የተጠመዱበት የኦፐርማን ግምት ስለ እነዚህ ቁጥሮች ስርጭት ይናገራል። ለምሳሌ 10ን በራሱ ብናባዛው 100 ይኾናል። ግምቱ ከ100 በታች እስከ 90 እና ከ100 በላይ እስከ 110 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ በየወገኑ ቢያንስ አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ ይላል። በእርግጥም በአንድ ወገን 97፣ በሌላው ወገን 101 ይገኛሉ። ከአንድ ለሚበልጥ ለማንኛውም ሙሉ ቁጥር ይህ እውነት ስለመኾኑ ግን እስካሁን ማረጋገጫ ያቀረበ ሰው የለም።

የተከፈለው ዋጋ

ዶክተር ፍራንክ ራያን በተወለዱ በ87 ዓመታቸው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ አረፉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የማስታወስ ችሎታን የሚያሳጣው የአልዛይመር ሕመም ነበረባቸው። ቤተሰባቸው አንጎላቸው በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ለሚካሄድ ምርምር እንዲሰጥ አድርጓል።

ይህ ምርምር የሚያተኩረው ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ በሚከሠት የአንጎል በሽታ ላይ ነው። በሽታው በብዙ የቀድሞ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ላይ ታይቷል፤ ማስታወስን፣ ጠባይንና የማመዛዘን ችሎታን ይጎዳል። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው። የራስ ቁር ብቻውን በቂ መከላከያ አይደለም። ቁሩ የራስ ቅልን ከመሰበር ቢያድንም ምቱ ሲበረታ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ከመናወጥ አይድንም። በሽታው የሚመጣውም አንድ ጊዜ በሚያጋጥም ከባድ ምት ብቻ ሳይኾን ለዓመታት በሚጠራቀሙ ቀላል በሚመስሉ ምቶችም ጭምር ነው።

የአንድን ሰው ሕመም ከስፖርቱ ጋር በቀጥታ ማያያዝ የሐኪሞች ሥራ ነው። ቢኾንም ትልቁ ሀብታቸው አዕምሯቸው ለነበረ ሰው አዕምሮን ለአደጋ በሚያጋልጥ ጨዋታ 13 ዘመን ማሳለፍ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ዛሬስ ይቻላል?

የዛሬው የሙያ ስፖርት ዓመቱን ሙሉ ሥልጠና ስለሚጠይቅ የራያንን መንገድ መከተል ከባድ ኾኗል። ነገር ግን ፈጽሞ አልተዘጋም። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የኤሮስፔስ ምሕንድስና የተማረው ጆሹዋ ዶብስ በ2017 የሙያ ሊጉን የተቀላቀለ ኳርተርባክ ነው፤ በአሜሪካ የሕዋ ተቋም ናሳም በተለማማጅነት ሠርቷል። በሌላ የመጫወቻ ቦታ ይሰለፍ የነበረው ካናዳዊው ሎራን ዱቬርኔ ታርዲፍ ደግሞ በሙያ ደረጃ እየተጫወተ በሕክምና ተመርቋል። በ2020 የሊጉን ዋንጫ ካነሣ በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ ሲከሠት ቀጣዩን የውድድር ዘመን ትቶ በሀገሩ አረጋውያንን ለመርዳት ወደ እንክብካቤ ማዕከል ገብቷል።

የራያን ታሪክ ለወላጅ፣ ለአሠልጣኝና ለመምህር የሚተወው ቁም ነገር አለ። ሁለቱን ሥራዎች ያስታረቁት ሌሊትና ቀኑን በማምታታት አልነበረም፤ ዓመቱን በመክፈል እንጂ። የውድድር ወቅት ለኳስ፣ የቀረው ወቅት ለትምህርት ነበር። የትምህርት ቤት ፈተናና የስፖርት ውድድር በአንድ ሳምንት እንዳይገጣጠሙ ማድረግ፣ ሥልጠናው ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲኾን መስማማት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው። ትምህርቱ ቢዘገይ እንኳ እስካልተቋረጠ ድረስ ፍጻሜ አለው።

ጭንቅላቱ ለተመታ ልጅም ጨዋታው ይቆየው። የራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስታወክ፣ ግራ መጋባት ወይም ለአፍታም ቢኾን ራስን መሳት ከታየበት በዚያው ቀን ወደ ሜዳ ሊመለስ አይገባም፤ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። ጨዋታው በሌላ ቀን ይደገማል፤ የተጎዳ አንጎል ግን ምትክ የለውም።